ጭስ ጭስ ያለው የአበባ ውሃ

«አሁን ጠጣር ናችሁ!» አሉ ሲ ሙንዚር፣ የሳይንስ አስተማሪው፣ ሰሌዳውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «ተያያዙ! ትከሻ ለትከሻ! ማንም ቦታውን እንዳይለቅ!»

ክፍሉ በሙሉ መስኮቱ ስር ባለው ጥግ ተጠቅጥቋል። ኢንሳፍ በግራዋ የጓደኛዋን የዶርሳፍን ክንድ፣ በቀኟ ደግሞ ላብ ላብ የሚለውን የሙሐረዝን ክንድ ቆልፋ ይዛለች። የአንዷ ተማሪ ቦርሳ ጀርባዋን ይወጋታል።

«ጠጣር ነን ብላችሁ ድንጋይ እንዳትሆኑ» ቀጠሉ አስተማሪው። «ሞለኪውል ዝም ብሎ መቆም አያውቅም። ባላችሁበት ተንቀጥቀጡ!»

ሁሉም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ሲዲ፣ በርዶን ነው ወይስ ፈርተን?» አለ ሙሐረዝ አስተማሪውን።

«ገና ነው፣ የምትፈራው ፈተናው ሲመጣ ነው። በሉ አሁን እሳት ለኮስኩባችሁ። ክንዳችሁን ልቀቁ፣ ግን አትራራቁ። አንዱ በአንዱ ጎን እየተንሸራተተ ይለፍ። ቅለጡ!»

«መቅለጥማ እናውቅበታለን!» አለች ዶርሳፍ፣ እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ሠርግ ቤት እንዳለ ሰው ወገቧን እየሰበቀች። ክፍሉ እውነትም ቀለጠ። ሲ ሙንዚር «እሳቱን ጨመርኩ! ጋዝ ሁኑ!» ሲሉ ደግሞ ሁሉም በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ግድግዳ የገጨ፣ በወንበር ላይ የዘለለ፣ በር ድረስ የሮጠ። ኢንሳፍና ዶርሳፍ ከተለያየ ጥግ እየሮጡ መጥተው ግንባር ለግንባር ተላተሙና ወለሉ ላይ ተቀምጠው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ።

«ልብ በሉ» አሉ ሲ ሙንዚር ጫጫታው ሲበርድ። «ከበረዶ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ እንፋሎት ስትሄዱ ማናችሁም ሌላ ሰው አልሆናችሁም። ሙሐረዝ ያው ሙሐረዝ ነው።»

«አለመታደል!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«የተለወጠው አያያዛችሁና ርቀታችሁ ብቻ ነው። ሽታም እንደዚሁ ነው። ከፈሳሹ ተላቀው በአየር የሄዱ ሞለኪውሎች አፍንጫችሁ ሲደርሱ፣ ሸተተኝ ትላላችሁ። የፊታችን ሐሙስ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ከየቤታችሁ አንድ ነገር አምጥታችሁ ታሳያላችሁ። በረዶና ሻይ ጀበና ግን ሰልችቶኛል።»

ዶርሳፍ እጇን ለማውጣት እንኳ አልታገሠችም። «ሲዲ፣ እኔና ኢንሳፍ አገኘን! አክስቷ የብርቱካን አበባ አፍልታ ከእንፋሎቱ የአበባ ውሃ ታወጣለች። አክስቷንም ድስቷንም እናመጣለን! ዛሬ ደግሞ የኛን አበባ ነው የምታወጣው፣ ለእህቴ ኒካህ።»

ሲ ሙንዚር ፊታቸው በራ። ናቡል ከተማ ውስጥ የአክስቷን የዘኪያን የአበባ ውሃ የማያውቅ አልነበረም።

ኢንሳፍ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየግቢው አጥር ላይ መራራው ብርቱካን ነጭ አበባውን አፍስሶ፣ መንገዱ ሁሉ ያውዳል። ሚያዝያ ሲገባ ሰው ከየጓሮው አበባውን ለቅሞ፣ በነጠላ ጨርቅ ቋጥሮ ወደ አምቲ ዘኪያ ይመጣል። አምቲ ዘኪያ የአባቷ እህት ናት። ኢንሳፍ እናትና አባቷ ከሸክላ ሱቃቸው እስኪመለሱ የምትውለው እሷ ግቢ ነው።

የግቢውን በር ስትገፋው ሌላ ሽታ ተቀበላት። ጣፋጩ ሽታ መሃል የገባ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ነገር። ያረረ ነገር።

ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች። ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ የተዘረጋለት የመዳብ ድስት ጋዝ ምድጃው ላይ ተጥዶ እሳቱ ከበታቹ ይንቦገቦጋል። አምቲ ዘኪያ ከድስቱ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት በዱካ ላይ ተቀምጣ በእርጋታ ባቄላ ትፈለፍላለች።

«አምቲ! እሳቱ!»

«እሳቱ ምን ሆነ?»

ኢንሳፍ መልስ ሳትሰጥ ጋዙን ዘጋችው። አክስቷ መጀመሪያ ድስቱን፣ ከዚያ እሷን አየች። ለአንድ አፍታ ፊቷ ላይ ቋንቋውን በማታውቀው አገር መንገድ የጠፋባት ሰው ነገር ታየባት። ወዲያው ግን ሰብሰብ አለች።

«ልቀንሰው ስል ነው የደረስሽው» አለች። ተነሥታም ከቱቦው አፍ ስር ካለው ጠርሙስ አንዲት ጠብታ በእጇ ጀርባ ላይ ተቀበለች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። «ማሻላህ! ዘንድሮ የረድያ ዛፍ ክሷታል።»

ረድያ የዶርሳፍ እናት ናቸው።

ኢንሳፍም ጠብታ ተቀበለች። ጭስ ጭስ ይላል። አበባው ከሩቅ አለ፤ ከፊቱ ግን የአረረ ድስት ቆሟል። ቀና ስትል አክስቷ ጠብታውን ትታ የእሷን ፊት እያየች ነው። ያን ጊዜ ብዙ ነገር አንድ ላይ መጣባት። አክስቷ የተበላሸውን ወተት ለቁርስ ያፈላችበት ቀን። ጋዙ ሲያፈስ ሽታው ሳይታወቃት ወጥ የሠራችበት ቀን። «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ያለችባቸው ቀኖች ሁሉ።

«እህ፣ እንዴት ነው?» አለች አምቲ ዘኪያ። ድምፅዋ ቀለል ያለ ነበር፤ ጣቶቿ ግን የቀሚሷን ጫፍ ይዘዋል።

ኢንሳፍ አፏን ከፈተች። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«ጥሩ ነው» አለች።

አምቲ ዘኪያ ጠርሙሱን ከደነችው።

በቀጣዩ ሳምንት መጀመሪያ ኢንሳፍ ክፍል ስትገባ ዶርሳፍን ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ኢንሳፍ ጠራቻት፤ አልዞረችም። በእረፍት ሰዓት የውሃ ቧንቧው ጋ ተከትላት ሄደች።

«ምን ሆነሻል?»

«እኔ? እኔ ምን እሆናለሁ። አክስትሽን ጠይቂያት።»

«ምን አደረገች?»

ዶርሳፍ ቧንቧውን ዘግታ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ትናንት የሙሽራው እናት ቤታችን መጣች። እናቴ ቡናዋ ላይ የአበባውን ውሃ ጠብ አደረገችላት። ሴትዮዋ አንዴ ፉት አለችና መልሳ አስቀመጠችው። 'ጭስ ጭስ ይላል' አለች። በሰው ፊት! እናቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። እህቴ ማታውን ስታለቅስ ነው ያመሸችው።»

ዶርሳፍ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እናቴ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? 'ዘኪያ የኛን ለራሷ አስቀርታ የከረመ አተላ ሰጠችን' ነው ያለችው። ትናንትናውኑ ፀጉር ቤት ለነበሩት ሁሉ ነገረቻቸው።»

«አምቲ ሌባ አይደለችም!»

«እኔስ ነች አልኩ? ታዲያ ምንድን ነው? አርባ ዓመት ሲያወጣ የኖረ እጅ አንድ ቀን ብድግ ብሎ ተሳሳተ ልትዪኝ ነው?»

ኢንሳፍ መልሱን ታውቀዋለች። ከተናገረችው አክስቷ ሌባ መባሏ ይቀራል። በምትኩ ግን ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ ይነሣል፤ አፍንጫዋ የማይሠራ ሴት አበባችንን ታውጣልን ወይ? የሚል። ካልተናገረች ደግሞ የሌባ ስም እንደተለጠፈባት ይኖራል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«እኔ ነኝ ያሳረርኩት። አምቲ እሳቱን ጠብቂ ብላኝ ወጣ አለች። እኔ ስልኬ ላይ ተጥጄ ረሳሁት። ፈርቼ ሳልናገር ቀረሁ።»

ዶርሳፍ ትክ ብላ አየቻት። «አንቺ?»

«እኔ።»

«አቦ፣ ምን ዓይነት ፋራ ነሽ!» አለች፣ ግማሹን ተናዳ ግማሹን እፎይ ብላ። «ለኔ እንኳ አትነግሪኝም? እኔ እኮ ካንቺ ጋር ልጣላ ነው ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ...» ትከሻዋን ገፋ አደረገቻት። «ለእናቴ ዛሬውኑ እነግራታለሁ። በሰው ስም እንደዚያ ማለቷ ሼም ነው።»

ከእረፍት በኋላ ዶርሳፍ ተመልሳ አጠገቧ ተቀመጠች። ኢንሳፍ ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኢንሳፍ በአክብሮት ካልቲ የምትላቸው የዶርሳፍ እናት ረድያ ራሳቸው መጡ። ዛፋቸው ላይ የቀረውን አበባ አስለቅመው፣ ትልቅ ቋጠሮ ታቅፈው፣ ፊታቸው ቀልቶ ግቢው መሃል ቆሙ።

«ዘኪያ፣ አውፍ በዪኝ» አሉ። «ያልሆነ ነገር አስቤብሽ፣ ይባስ ብዬ አውርቼብሻለሁ። ልጅቷ መሆኗን ማን ያውቃል?»

አምቲ ዘኪያ ገና የሚሉት አልገባትም። «የትኛዋ ልጅ?»

«ኢንሳፍ ናታ! እሳቱን ጠብቂ ብለሻት ስልኳን ስትጎረጉር አሳረረችው። ለዶርሳፍ ነግራታለች።»

አክስቷ ቀስ ብላ ዞረች። ኢንሳፍ መሬት መሬቱን አየች።

«ልጅ ነው፣ ይሳሳታል፣ አልቀየምኳትም» አሉ ካልቲ ረድያ። «ግን ይህ የመጨረሻው አበባ ነው። ኒካሁም ደርሷል። ነገ እኔ ራሴ መጥቼ አብሬሽ እቀመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ኢንሳፍዬ፣ አትቀየሚኝና ምድጃው አጠገብ ድርሽ እንዳትዪ።»

«እሺ ካልቲ» አለች ኢንሳፍ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ አምቲ ዘኪያ ቋጠሮውን ፈታች። አበባውን በሰፌድ ላይ አሰጣች፤ ቅጠሉን ለየች።

«ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጪ» አለች በመጨረሻ፣ «እዚህ ዱካ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አስዋሸሽ?»

«ሌባ አሉሽ።»

አምቲ ዘኪያ እጇ ውስጥ ያለውን አበባ አየችው። አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ መልሳ ሰፌዱ ላይ ጣለችው።

«በብርዱ ወራት ያ ትኩሳት ከያዘኝ ጀምሮ ነው» አለች። «ሐኪሙ ይመለሳል አለኝ። በየማለዳው ነጭ ሽንኩርት ሰንጥቄ አሸታለሁ። ምንም። ድንጋይ እንደማሽተት ነው። ጠብታውን በጆሮዬ እሰማዋለሁ፤ ክዳኑ መሞቁን በእጄ አውቀዋለሁ፤ ላዩ ላይ ያለውን ማቀዝቀዣ ውሃ መቼ እንደምቀይር እጄ ይነግረኛል። እሳቱ ብቻ ሸወደኝ።» ሰፌዱን ነቀነቀች። «አንዳንዴ ሽታው ራሱ ከዓለም የጠፋ ይመስለኛል።»

«አልጠፋም» አለች ኢንሳፍ ቶሎ ብላ። «ሲ ሙንዚር ነግረውናል። ሽታ ማለት ከውሃው ላይ ተነሥተው የሚበሩ ሞለኪውሎች ናቸው። አንቺ አፍንጫ ውስጥም ይገባሉ አምቲ። ተቀባዩ ነው የታመመው እንጂ እነሱ ይደርሳሉ።»

«እኔም ጋ ይደርሳሉ?»

«አዎ። እንደኔው።»

«እንግዲያው እንግዳ ደጅ ቆሞ ሲያንኳኳ የማይሰማ ቤት ሆኛለሁ በይኛ» አለች አምቲ ዘኪያ። ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳቁ ግን አልተሟላም። «ነገስ? ረድያ አጠገቤ ትሆናለች። አንቺ ደግሞ እንዳትጠጊ ተብለሻል። ውሃው ሲደክም፣ አበባው አልቆ ቅጠል ቅጠል ሲል፣ ማን ይነግረኛል?»

ኢንሳፍ ይህን አላሰበችውም ነበር። አክስቷን ለማዳን የዋሸችው ውሸት ራሱ ከአክስቷ አጠገብ አስነሥቷታል።

«ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኜ ሳል ልሳል?» አለች። «ስስል ታቆሚያለሽ።»

አምቲ ዘኪያ አንዴ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየች። አበባዋን መልቀም ቀጠለች።

በማግስቱ ድስቱ ተጣደ። አበባው ገባ፣ ውሃው ተጨመረ፣ ክዳኑና ድስቱ የሚገናኙበት ዙሪያ በሊጥ በተለወሰ ጨርቅ ተጠመጠመ። ካልቲ ረድያ ወንበር አስመጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዶርሳፍ ከእናቷ ጀርባ ቆማለች። ኢንሳፍ ወጥ ቤቱ በር ላይ ግድግዳውን ተደግፋለች።

አምቲ ዘኪያ እሳቱን ከወትሮው ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ከነበልባሉ አልነቀለችም። ድስቱ ማጉረምረም ጀመረ። ውስጥ ያለው እንፋሎት ሽቅብ ሲወጣ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የተሞላው ክዳን ሲያገኘው፣ ተመልሶ ውሃ ሆኖ በቱቦው ጠብ ጠብ ማለት ያዘ። ግቢው በአበባ ሽታ ተሞላ። ካልቲ ረድያ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ይኸዋ! ይሄ ነው የኔ ዛፍ!»

አምቲ ዘኪያ ፈገግ አለች። የመጀመሪያው ጠርሙስ ሞላ፤ ሁለተኛው ተተካ። የክዳኑን ውሃ በእጇ ለካች፣ ቀየረች። ጠብታው ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው። ኢንሳፍ ግን በሩ ላይ ሆና ነገሩ ሲለወጥ ተሰማት። አበባው ቀስ እያለ እየሸሸ፣ የተቀቀለ ቅጠል ሽታ በስሩ ብቅ ማለት ጀመረ። ካልቲ ረድያ በፊተኛው ሽታ ሰክረዋል፣ አላስተዋሉም።

አምቲ ዘኪያ ጠብታ በእጇ ጀርባ ተቀብላ ዓይኗን ጨፈነች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

«ይበቃው ይሆን?» ጠየቁ ካልቲ ረድያ።

«ትንሽ... ትንሽ ይቆይ» አለች አምቲ ዘኪያ። ዓይኗን ገልጣ ወደ ወጥ ቤቱ በር አየች።

ሳሉ ኢንሳፍ ጉሮሮ ውስጥ ተዘጋጅቷል። አንድ ጊዜ ኡህ ማለት ብቻ ነው። ማንም አያውቅም። ከዚያ ግን በሚቀጥለው ሚያዝያ፣ ከዚያም በሚቀጥለው፣ በየበሩ ስር ቆማ ስትስል ታያት። አክስቷም በሰው መሃል ተቀምጣ፣ የሳል ድምፅ ስትጠብቅ።

ከግድግዳው ተላቃ ግቢውን አቋርጣ መጣች።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ካልቲ ረድያ ከወንበራቸው ብድግ እያሉ። «ምን ተባባልን?»

ኢንሳፍ ተንበርክካ ከቱቦው አፍ ጠብታ ተቀበለችና አሸተተች። «አሁን ይበቃል አምቲ» አለች። «ከዚህ ካለፈ ያበላሸዋል።»

ሌላ ምንም አልጨመረችም። የቀረውን መናገርም አለመናገርም ለአክስቷ ተወችላት።

አምቲ ዘኪያ እጇን ዘርግታ ጋዙን ዘጋች። እሳቱ ጠፋ፤ ጠብታው ጥቂት ቀጥሎ ቆመ።

«ተያት ረድያ» አለች። «ያን ቀን ያሳረርኩት እኔ ነኝ። እሷ ገና ከትምህርት ቤት አልመጣችም ነበር። ስሜን ልታድን ብላ በራሷ ላይ አላከከችው።» እጇን ከጋዙ አነሣች። «አፍንጫዬ አይሠራም። ከብርዱ ወራት ጀምሮ ምንም ነገር አይሸተኝም።»

ካልቲ ረድያ ከኋላቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ዳበሱ። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ምንም?»

«ምንም።»

«አበባውም?»

«አበባውም።»

«እኔ ደግሞ ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ...» ካልቲ ረድያ በመዳፋቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያ ተነሥተው ወንበራቸውን ጎትተው ከአምቲ ዘኪያ ዱካ ጋር አገጣጠሙት። የመጀመሪያውን ጠርሙስ አንሥተው አሸተቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ስሚኝ ልንገርሽ» አሉ። «መጀመሪያ ሲገባ ይጣፍጣል፤ ማር ማር ይላል። ኋላ ግን መረር ይላል፤ የብርቱካኑን ልጣጭ በጥፍር ሲቧጥጡት እንደሚሸተው። እናትሽ ለኔ ሠርግ ያወጣችልኝ እንዲህ ነበር።»

«መረር ማለቱ ጥሩ ነው» አለች አምቲ ዘኪያ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም። «መረር ካላለ አበባው አርጅቷል ማለት ነው።»

«የሌብነቱን ወሬ ቤት ለቤት ዞሬ እለቅመዋለሁ። ይሄኛው ምስጢር ግን ያንቺ ነው። ከኔ አይወጣም።»

ድስቱ ሲቀዘቅዝ ልጆቹ ለማጠብ ወደ ቧንቧው ወሰዱት። ውስጡ የቀረው አበባ ቡናማ ሆኖ ተልፈስፍሷል። ዶርሳፍ ድስቱን አጥብቃ ስትፈትግ ቆየች።

«ዋሸሽኝ» አለች።

«አዎ።»

«ዓይን ዓይኔን እያየሽ!»

«አዎ።»

«እኔም ያው አምኜሽ ፋራ ምናምን ብዬ ሰደብኩሽ።» ውሃውን ደፋች። «ባትነግሪኝም እኮ ጥያቄ አላበዛም ነበር። 'አትጠይቂኝ' ብትዪኝ ዝም እል ነበር።»

«አንቺ? ዝም?»

ዶርሳፍ ሳታስበው ሳቀች፤ በእርጥብ እጇም ውሃ ረጨቻት። ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ሐሙስስ? ለሲ ሙንዚር አክስትሽን እናመጣለን ብያቸዋለሁ። ጠርሙሱን ከፍተው 'እስቲ ሽታው ማን ጋ ቀድሞ ደረሰ?' ቢሉስ? ምን እንላለን?»

ኢንሳፍ ወደ ግቢው መሃል አየች። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው፣ አንዷ ጠርሙሱን ይዛ ታወራለች፣ ሌላዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች።

«ውሃው እንዴት እንደሚተንና እንዴት እንደሚመለስ እኔና አንቺ እናስረዳለን» አለች።

«አክስትሽስ?»

«እኔንጃ። ስለሷ ሳልጠይቃት አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ።»

እጇን በቀሚሷ አደራርቃ፣ ልትጠይቃት ወደ አክስቷ ሄደች።